ማን ገፋኝ? ስበት እና የአጋሮ ሚኒባስ

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ጅማ ዛሬ ዝናብ ነው፣ የቆርቆሮው ድምፅ ካስቸገራችሁ ይቅርታ። እሱም ቢሆን ስበት ነው፣ ከርዕሳችን አልወጣም።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ስበት ኃይል ነው ወይ? ትምህርት ቤት "አዎ" ተብለናል። እኔ ዛሬ "ቆይ እስኪ" ልላችሁ ነው።

ኑ፣ ሚኒባስ እንሳፈር። ከጅማ ወደ አጋሮ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብሎ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ሰክቷችኋል። በግራችሁ አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈዋል፣ እግራችሁ ሥር የቡና ጆንያ አለ። ሚኒባሱ ወደ ቀኝ እጥፍ! እናንተስ? እናትየዋ ላይ ተደፋችሁ።

"ምነው ልጄ!"

"ይቅርታ እማማ፣ ገፋኝ እኮ!"

ማን ገፋህ? እኮ ማን? ረዳቱ አልነካህም። ማንም አልገፋህም! ሰውነትህ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ነበር፤ የታጠፈው ሚኒባሱ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ እረኛ "መኪናው ታጠፈ" ይላል እንጂ "ሰዎቹ ተገፉ" አይልም። ደግሞ ልብ በሉ፣ የሚይዛቸው ነገር ከሌለ ጆንያውም፣ እናንተም፣ የዶሮዋ ላባም ወደ ግራ የሚሄዱት እኩል ነው። ከባድ ቀላል የለም። "እኩል" የምትለዋን ያዙልኝ።

(በነገራችን ላይ፣ አጋሮ ሆናችሁ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ።)

በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ለቀቀ። አየር የለም። እኩል ወረዱ። እኩል! ልክ እንደ ሚኒባሱ። አንስታይን ይሄ ነገር ሳይከነክነው አልቀረም፤ በ1907 ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ፓተንት ቢሮ (የፈጠራ ባለቤትነት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት) ተቀጥሮ ሲሠራ "ከጣራ የሚወድቅ ሰው ክብደቱ አይሰማውም" ብሎ አሰበ። ሐሳቡን በ1915 ጨረሰው፦ ቁስ ቦታንና ጊዜን ያጎብጣል፣ የሚወድቅ ነገር በዚያ ውስጥ ቀጥ ያለ መንገዱን ይሄዳል፣ ከመንገዳችሁ የሚያስወጣችሁ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋችሁ መሬቱ ነው። ክብደት የምትሉት ያንን ግፊት ነው። እዚህ ላይ የሚኒባሱን ቦታ የያዘው መሬቱ ነው ማለት ነው። ጎባጣው አልገባኝም ላላችሁ፦ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከሐዋሳ ወደ ሰሜን ቀጥ ብለው ቢሄዱ፣ ባሕርና በረዶ ካላገዳቸው ሰሜን ዋልታ ላይ ይገናኛሉ። እርስ በርስ የሳባቸው ነገር የለም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ነው። በቃ፣ እንለፍ።

እንለፍ ስል ግን አንድ ነገር አያሳልፈኝም። "ህዋ ላይ ስበት ስለሌለ ነው የሚንሳፈፉት" እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሰዎች! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና ከሚኬደው ብዙም አይርቅም። እዚያ የሚደርስ መሰላል ቢኖርና ጫፉ ላይ ሚዛን ብታስቀምጡ፣ እዚህ 70 ኪሎ የሆነ ሰው እዚያ 62 ገደማ ይመዝናል። ስበት የለም የተባለው የቱ ጋ ነው? የሚንሳፈፉት እየወደቁ ስለሆነ ነው! በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን እየሮጡ ስለሚወድቁ፣ መሬት ጎብጣ ከሥራቸው ትሸሻቸዋለች።

አላመናችሁም? የሃይላንድ ጠርሙስ አምጡ። ከታች ብሱት፣ ውኃ ሙሉት፣ ክዳኑን ክፈቱት። ይፈሳል አይደል? አሁን ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። እየወደቀ ሳለ መፍሰሱን ያቆማል! ውኃውም ጠርሙሱም እኩል ስለሚወድቁ ውኃው ጠርሙሱን አይጫነውም። ጠፈርተኞቹም በጣቢያው ውስጥ እንደዚያ ናቸው። ደጅ ሞክሩት፣ ቤት ውስጥ ሞክራችሁ እናታችሁ ቢቆጡ እኔ የለሁበትም።

እና ኃይል ነው ወይስ አይደለም? የኔ አቋም፦ በአንስታይን ዓይን አይደለም። ግን በ1687 ኒውተን ያሳተመው ሒሳብ ድልድይ ለመሥራትም፣ ውኃ ጊቤ ላይ ወርዶ ተርባይን ሲመታ ለማስላትም ይበቃል፣ አትናቁት። ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቅበት የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ግን መሬት ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ስለሚቀድም፣ እዚያ ያለ አንስታይን አይሆንም።

ፈተና ላይ ግን፣ ልጆች፣ "ኃይል ነው" ብላችሁ ጻፉ። መምህራችሁ ሚኒባሱን አላዩትም።