ሚዛኑ ቀነሰ፣ ስቡስ?

እሺ፣ እንጀራም ዳቦም አቆማችሁ። በሳምንቱ ሚዛን ላይ ወጣችሁ፣ 2 ኪሎ ወርዷል። እልል! ቆይ ግን፣ የወረደው ምንድን ነው?

ጋቢ አስቡ። አሁን ከሳፋ የወጣ፣ ውሃው የሚንጠባጠብ ጋቢ። መዝኑት፤ ከባድ ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይጠምዝዘው። አሁንስ? ቀለለ! ጋቢው ግን ሳሳ? አንድ ክር ጎደለው? ያው ጋቢ ነው። ሳፋው ውስጥ መልሱት፣ ኪሎውም ይመለሳል። የዳይት የመጀመሪያ ሳምንት ማለት ይሄ ጥምዘዛ ነው። (ጋቢዋን ስለምወዳት ነው፣ ታገሱኝ።)

ሳይንሱን ቶሎ ልበለው፦ ጉበትና ጡንቻ ግማሽ ኪሎ ገደማ ግላይኮጅን (ለጉልበት የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) ያከማቻሉ፤ አንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ካርቦሃይድሬት (እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ) ሲቋረጥ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውሃው በሽንት ይወጣል። ፓስታ ስትበሉ ይመለሳል። አለቀ።

"ሎሚ በሙቅ ውሃስ?" ኧረ ይሄ ጥያቄ! በየቪዲዮው ይመጣል፣ ዛሬ እንገላገለው። የድስት ቅባት የሚያስለቅቅ ሎሚ የሆድንም ያቀልጣል ነው ነገሩ። የድስቱ ቅባት ሎሚው የሚነካው ቦታ ላይ ነው። የእናንተ ስብ ግን ከጨጓራ ውጭ፣ ሴል ውስጥ ነው ያለው። አይገናኙም! ጨጓራችሁ ራሱ ከሎሚ የበረታ አሲድ ያመነጫል፤ አሲድ ስብ ቢያቀልጥ ኖሮ ሁላችንም ሸንቃጣ ነበርን። ጠዋት ጠዋት ሎሚ መጠጣት የሚሸረሽረው ጥርስ ነው። ሰላጣ ላይ ጭመቁት፤ በዚያው ሰብስክራይብ።

በሽታ የሚከላከለው ቅነሳስ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎችን ተከታተለ። የአንዱ ቡድን ግብ ክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። የዚህ ቡድን በስኳር የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን (የስኳር ክኒን) የወሰዱት ላይ በ31። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ 5.6 ኪሎ ነው። ለሠርግ ፎቶ አይበቃም፣ ለቆሽት ግን ይበቃል።

ስለዚህ ሚዛኑን ተዉትና የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ (አያለሁ!) ለኩ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ካለፈ ስኳርና ግፊታችሁን ተመርመሩ።

ዘይት ደግሞ ከጀሪካን ወደ ድስት አትገልብጡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላሉና ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ብርድ ሲሆን የሚረጋውን ፓልም ቀንሱ፣ ግማሹ ገደማ ሳቹሬትድ ስብ (የሚረጋው ዓይነት) ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) የምትወስዱ ግን ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም መጠኑን ያስተካክልላችሁ። አለበለዚያ ስኳር ወርዶ ያልባችኋል፣ ያንቀጠቅጣችኋል፣ ራስም ያስታል።