መስኮቱን ክፈቱት፦ በወሎ፣ ሐይቅ ዳር በበልግ መግቢያ የወፍ ጉዞ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ቀሳውስትና ሼሆች፣ እናቶቼ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት፣ የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች፣ እንዴት አደራችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

አዘጋጆቹ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ያስተማርኳችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አምስት ደቂቃ ለእኔ ስም መጥሪያ እንኳን አትበቃኝም። ለዚህ ስል ጽፌ መጥቻለሁ። ከወረቀቱ ስወጣ ካያችሁኝ ሳሉብኝ።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾም አንድ ላይ ገጥሟል። ግማሾቻችሁ ለሱሁር ተነስታችሁ፣ ሱብሂ ሰግዳችሁ ነው የመጣችሁት። ግማሾቻችሁ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣችሁት። ስለዚህ ቁርስ የት አለ ብሎ የሚያኮርፍ የለም፤ አዘጋጆቹም ከወጪ ዳኑ። ወፍ ለማየት ማልዶ መነሳት ያስፈልጋል ብሎ ወሎዬን የሚመክር ካለ፣ መጀመሪያ እዚህ ይምጣና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ማን እንደተኛ ይይ።

ለምን በዚህ ሰሞን ሆነ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሐይቁ ሁለት ዓይነት ወፍ ይይዛል፤ ሊሄድ የተሰናዳና ጎጆ ሊሠራ ያሰበ። በአውሮፓና በሩሲያ በኩል ብርዱ ሲበረታ ወደ እኛ የወረዱት ወፎች፣ የዚያ አገር ጸደይ ሲቃረብ ይመለሳሉ። ጅራቷ ለሁለት የተሰነጠቀችውን፣ ውኃው ላይ ዝቅ ብላ የምትበርረውን ትንሽ ወፍ ታውቋታላችሁ። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። በዚያ ክብደት በረሃ ታቋርጣለች። ዛሬ ከነፍሳቱ ኋላ ስትሯሯጥ የምታዩዋት ለመንገዱ ስብ እየቋጠረች ነው። ከከብት እግር ሥር የማትጠፋው፣ ጅራቷን ላይ ታች የምትለው ወፍ ደግሞ ስትመጣ ደብዛዛ ነበረች። አሁን የወንዱን ሆድ እዩት፤ እንደ አደይ አበባ ፈክቷል። ይህን ልብስ የሚለብሰው ለእኛ አይደለም፤ እዚያ ለሚጠብቀው ሠርግ ነው። ግን ለብሶ የሚያልፈው በእኛ በኩል ነው።

ትልልቆቹስ? ንስሮቹና ሽመላዎቹ ያን ሁሉ አገር ክንፋቸውን እያራገቡ አይሄዱትም። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ሽቅብ ሲነሳ በእሱ ላይ ተንሳፍፈው ይወጣሉ። ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደፊት ይንሸራተታሉ፤ ዝቅ ሲሉ ሌላ ሙቅ አየር ይፈልጋሉ። ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህ ነው የስምጥ ሸለቆንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ታከው የሚያልፉት። በዚህ መስመር 37 ዓይነት እንዲህ ያሉ ወፎች፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆነው ይመላለሳሉ። ከወሎ ደጋ ጫፍ ቁልቁል ወደ አፋር የሚያይ ሰው የዚያ መንገድ ዳር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን አሁን በጠዋቱ እናያለን። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ አንገታችሁን ቀና አድርጉ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል፣ የወፍ አስጎብኚዎች ሥልጠና ተብሎ ተጠራሁ። ከተማውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አበል የፈረማችሁ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ባነር ተሰቅሏል። የታሸገ ውኃ በየወንበሩ ተቀምጧል። ቦርሳ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ ታደለ። እስክሪብቶው አይጽፍም። የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር ያደረጉትን ሰው የሚያመሰግን ንግግር ተደረገ።

አሠልጣኙ ከላፕቶፑ የፍላሚንጎ ፎቶ አወጣ። ደስ የሚል ፎቶ ነው፤ አብያታ ሐይቅ ላይ የተነሳ። ወፉ ለምን እንደሚቀላ፣ ምን እንደሚበላ፣ ለምን በአንድ እግሩ እንደሚቆም ረዘም ላለ ጊዜ ሰማን። ከእኛ ጋር አንድ የዚሁ ሐይቅ ዳር ልጅ ነበረ። ዛሬ የሚመራን እሱ ነው፤ ስሜን በማይክ እንዳትጠራኝ ብሎ ለምኖኛል። እጁን አወጣ። "ይሄ ወፍ የሶዳ ሐይቅ ነው የሚወደው። የእኛ ሐይቅ ጨው የለውም። የእኛዎቹን መቼ ነው የምናየው?" አለ። ጥያቄ በመጨረሻ ነው ተባለ።

በዚህ መሃል ከሆቴሉ ግቢ፣ ከትልቁ ዛፍ ላይ ጩኸት ተነሳ። ጩኸቱን ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ ወፍ፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከጉሮሮው ሥር ቁራጭ ቆዳ የተንጠለጠለው። መንጋ ሆኖ ሲነሳ ሰፈር ያናውጣል። ይህ ወፍ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለም። እሱን ለማየት ብለው ከአሜሪካ ድረስ የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ያን ቀን ትኬት ሳያስቆርጠን በነፃ መጥቶልን ዛፉ ላይ አረፈና ጀመረው። አሠልጣኙ የሚለው አልሰማ አለን። ማይኩን ከፍ አደረገ። እነሱም ከፍ አደረጉ። በመጨረሻ ምን እንዳለ ልንገራችሁ?

"እባካችሁ መስኮቱን ዝጉት፤ ይሄ ወፍ ይረብሻል።"

ተዘጋ። አስተናጋጇ መጥታ ዘጋችው። መጋረጃውንም ሳበችው፤ ፍላሚንጎው በደንብ ታየ። በወፍ ሥልጠና ላይ ወፍ ረበሸ ተብሎ መስኮት ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ቲቸር፣ የምንሠለጥነው እኮ ለእሱ ነበር" አለኝ። ለሻይ ስንወጣ ወፎቹ ሄደዋል። ሳምቡሳ ቀረበ። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር፤ ሐቁን አልክድም። ሥልጠናው እስኪያልቅ አንድም ጠዋት ከአዳራሹ አልወጣንም። ሰርተፊኬት ይዘን ፎቶ ተነሳን። ከኋላችን የተሰቀለው ባነር ላይ ያለው ወፍም ፍላሚንጎ ነው።

ወገኖቼ፣ ወፍ በአዳራሽ አይታይም! በፕሮጀክተር አይታይም! በአበል አይመጣም፤ አበል ሲቀር ደግሞ አይሄድም። እኛ ግን አበል ሲቀር እንቀራለን። ይህን የምለው የማንንም ስም ለማጥፋት አይደለም። አዳራሽ ውስጥ የተበላው የሳምቡሳ ብር ለዚህች ጉዞ ስንት ባይኖኩላር እንደሚገዛ የሚያሰላ ሰው እንዲኖር ብዬ ነው።

ደግሞ ማን ነው ለእኛ ስለ ወፍ የሚነግረን? ከእናንተ መሃል ልጅ ሆኖ ማማ ላይ ያልቆመ ማነው? በቃሉ፣ በሐርቡ፣ በከሚሴ በኩል ማሽላው እሸት ሲይዝ ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ትወጣላችሁ። ወንጭፍ በእጅ፣ ጠጠር በእቅፍ። ግሪሳ ከመጣ ቀልድ የለም፤ የዓመት እንጀራ በአንድ ቀን ጠዋት ሊሄድ ይችላል። እዚያ ላይ የቆመ ልጅ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ፣ በክንፍ ድምፅ ብቻ፣ የመጣው ግሪሳ ይሁን እርግብ ይለያል። በየት በኩል እንደሚያርፍ ያውቃል። ጭልፊት ብቅ ስትል መንጋው እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በጠላትነት የመጣ ነው፤ ቢሆንም ዕውቀት ነው። በየትኛውም ሆቴል አይሰጥም።

ፈረንጆቹ ሲመጡ ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ከአዲስ አበባ የመጣው አስጎብኚ ከፊት መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል። የእኛ ልጅ ባለ ሦስት እግሩን የመነጽር ማቆሚያ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። እንግዶቹ ቄጠማውን ሲያስሱ ይቆያሉ። ተሸካሚው በአገጩ ይጠቁማል፤ ወፉ እዚያ ነው። ደስታ ይሆናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ስሙ በመጽሐፉ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ማታ ሒሳብ ሲከፈል ልጁ የሚከፈለው ለትከሻው ነው። ለዓይኑስ? ለጆሮውስ? በአዲስ አበባዎቹ ላይ ክፉ ቃል የለኝም፤ አጥንተው፣ ለፍተው ነው የመጡት። ነገሩም የዛሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 1830ዎቹ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ይህን አገር ዞሮ ብዙ ወፍ ሰብስቦ ፍራንክፈርት ወሰደ። መስኮት ያስዘጋብንን ወፍ በ1837 ለሳይንስ የመዘገበው እሱ ነው። የሚያድርበትን ዛፍ ማን አሳየው? መቼም ብቻውን ተንከራትቶ አላገኘውም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጉዞ በየቅዳሜው ይሁን እላለሁ። በየዓመቱ አይደለም። በየቅዳሜው! በባነር ሳይሆን በእግር። መሪው ከዚሁ ሰፈር ይሁን፤ ክፍያውም ለመምራቱ ይሁን። ፈረንጅ ከመጣ እሰየው፣ ከእኛ ኋላ ተሰልፎ ይሂድ። ካልመጣም ጉዞው አይቀርም። ወፍ ማየት የፈረንጅ ሥራ ነው የሚለውን ወሬ ደግሞ ከዛሬ በኋላ እዚህ ሐይቅ ዳር መስማት አልፈልግም። ወፉ የእኛ፣ ሐይቁ የእኛ፣ ማየት የሌላ? በየት አገር ሕግ?

ከወረቀቱ ወጣሁ መሰለኝ። እመለሳለሁ።

ስለ አካሄዳችን ጥቂት ነገር። ነጭ ጋቢና ነጠላ የለበሳችሁ ወደ ኋላ፣ ዳለቻ የለበሳችሁ ወደ ፊት። ነጭ ከሩቅ ይታያል። በእጃችሁ ድንገት አትጠቁሙ፤ በሰዓት ተነጋገሩ፤ ዛፉ ላይ በሦስት ሰዓት አቅጣጫ እንደማለት። ስልካችሁን ዝም አሰኙት። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍታችሁ ወፍ ለመጥራት የምትሞክሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተዉት። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይወጣል፤ በመሥሪያው ወቅት ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። ጎጆ ካያችሁ ቆማችሁ እዩ፣ አትቅረቡ። ፎቶ የማይደርስላችሁ ከሆነ አይድረስ።

ባይኖኩላር ያለን ጥቂት ነው፤ እየተቀባበልን እናያለን። ወደ ሰው ቤትና ልብስ ወደሚታጠብበት ዳር አታዙሩት። ዘመኑን ታውቃላችሁ፤ መነጽር ይዞ የሚዞር ሰው ይጠረጠራል፤ ለቀበሌውም ለሚሊሻውም አስቀድመን ነግረናል። ባይኖኩላር ያልደረሰው አብሽር። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አዳኝ ውኃው ላይ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያርገበግብ፣ ከዚያ በምንቃሩ ቁልቁል ሲወረወር ለማየት መነጽር አይፈልግም። ማየት የሚሳነው የሚያወራ ሰው ብቻ ነው።

መንገዳችን የዳሩን ይዞ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ ነው። ገዳሙ ሴቶችን ስለማያስገባ ሁላችንም ከበሩ እንመለሳለን። ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተከበረ ቦታ ስለሆነ ዛፉ አለ፤ ዛፉ ስላለ ወፉ አለ። እዚያ ስትደርሱ ድምፅ ቀንሱ፤ ለወፎቹ ብቻ አይደለም።

ስለ የጎፍ ደን፣ ስለ ደንቆሮ ጫካና ስለ አቡነ ዮሴፍ ተራራም ልናገር ጽፌ ነበር። ጸሐይዋ እየወጣች ነው፤ ለሌላ ቅዳሜ። የውሻ መርዝ ነገርንም እንዲሁ። አንድ ቃል ብቻ፦ ለውሻ የተጣለ መርዝ ጥንብ አንሳውንም ይገድላል። ጥንብ አንሳ ያለቀበት ከተማ ቄራ አካባቢ ምን እንደሚሸት አሽትታችሁ ፍረዱ።

ተማሪ በነፃ ነው። ሌሎቻችን 50 ብር እንከፍላለን፤ ሙሉው ለመሪው ነው፤ ከእሱ ላይ ለሻይ የሚቆረጥ ሳንቲም የለም። ሻዩ ማታ ከአፍጥር በኋላ፣ ከየቤታችን። ሃምሳ ብር በዛ የሚል ካለ መንገድ ላይ በሹክሹክታ እንከራከራለን። መዝገቡ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ነው፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ስም አሁኑኑ ይጻፍ፣ "እደውላለሁ" የለም።

አመሰግናለሁ። አንተ ልጅ፣ ና ፊት ሁን፤ ያን ማቆሚያ ደግሞ ለእኔ ስጠኝ፣ ዛሬ የምሸከመው እኔ ነኝ።