«አይቻልም» የሚል አስጎብኚ
(ጎንደር ውስጥ በአዲስ አስጎብኚዎች ምረቃ ላይ ለማሰማት የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች፣ በቅሎ ነጂዎች፣ ዛሬ ሥልጠናችሁን የጨረሳችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሃዋይ ጉዞህ ንገራቸው» ብለውኛል። ደግ፤ እነግራችኋለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እንግዳን «አይቻልም» ስለሚል አስጎብኚ ነው። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አንድ ጊዜ ስሜን ተራሮች ላስጎበኛቸው ይዣቸው የወጣሁ እንግዶች ጋበዙኝና ሄድኩ። የሄድኩበት ከሃዋይ ደሴቶች ትልቁ ነው። እሳተ ገሞራ የወለደው መሬት ነው። ማውና ኬያ የሚባለው ተራራቸው ከባሕር ጠለል በላይ 4,207 ሜትር ነው አሉኝ። ከራስ ዳሸን ያንሳል! ደረቴን ነፍቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ከውቅያኖሱ ግርጌ ሲለካ እኮ ከ10,000 ሜትር በላይ ነው» ሲሉኝ ወሬ ቀየርኩ።

ኪላዌያ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲፈነዳ ከ700 በላይ ቤቶች በልቷል። ካፖሆ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ሞልቶ የብስ አድርጎታል። አዲሱ ላቫ፣ ማለት ፈስሶ የረጋው ቅልጥ አለት፣ ላይ ስትራመዱ ከጫማችሁ ሥር ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ላዩ ብርጭቆ ነው። በነገራችን ላይ ልጆች፣ ይህን ለእንግዶቻችሁ ንገሩ፤ የኛም ስሜን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ገደል አፋፍ ቆመን የምናሳየው ጥቁር አለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። የነሱ ገና እየፈሰሰ ነው፤ የኛ ከርሟል።

አሁን ወደ ባሕሩ።

ኮና በሚባለው ዳርቻ ማታ ማታ ጀልባ ይወጣል። ወደ ውሃው መብራት ያበራሉ። ብርሃኑ ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ ፍጥረታት ይሰበስባል፤ እነሱን ለመብላት ማንታ ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። እንግዲህ እኔ ዋና የተማርኩት አንገረብ ወንዝ ነው። በጨለማ ውቅያኖስ ውስጥ ግባ ስባል ጉልበቴ ከዳኝ። እመቤቴን ጠርቼ ገባሁ። መብራት የተገጠመለት ተንሳፋፊ ሰሌዳ አለ፤ እሱን ጨብጠን ፊታችንን ወደ ውሃው ደፋን።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሥር አንድ ነገር ተነሣ። ክንፉ ሦስት ሜትር ይሆናል። አፉን በረገደና ቀጥ ብሎ ወደ ፊቴ መጣ። የአፉን ውስጥ ሳይቀር አየሁት። ሊነካኝ ስንዝር ሲቀረው ተገለበጠና ሆዱን አሳየኝ። ነጭ ሆድ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ነጠብጣቡ ከአንዱ አንዱ ይለያያል፤ አስጎብኚዎቹ በሱ ለይተው በስም ይጠሯቸዋል። መናደፊያ የለውም፣ ሰው አይነክስም። ግን ያኔ ይህን ማን አስታወሰው!

ከጎኔ አንድ ጎልማሳ ነበር። አስጎብኚያችን ልጅ እግር ሴት ናት። ገና ጀልባው ላይ ሳለን «እጅ መዘርጋት የለም። ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን አለው፤ ስትነኩት ይላጥበታል» ብላናለች። ሰውዬው ሰምቷል። ውሃ ውስጥ ግን እጁን ሰደደ። ተቆጣችው። ሳቀ። ደግሞ ሰደደ። «ውጣ!» አለችው። «ከፍዬ ነው የመጣሁት» ብሎ ካፒቴኑን ጠራ። ካፒቴኑ ምን ያለው ይመስላችኋል? «እሷ ያለችህን ስማ»። በቃ! ፎጣ ሰጡት፣ ትኩስ ነገር አቀረቡለት፣ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እኛ ማየታችንን ቀጠልን።

እኔ ከሃዋይ ይዤ የመጣሁት ይህን ካፒቴን ነው።

ልጅቷ ብቻዋን አልነበረችም። አለቃዋ ከኋላዋ አለ፤ ሕጉም አለ። ስፒነር የሚባሉት ዶልፊኖች ሌሊት ጥልቁ ውስጥ ሲያድኑ ያድራሉ፣ ቀን ወሽመጥ ገብተው ያርፋሉ። ዋናተኛና ጀልባ እንቅልፍ ሲነሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ደንብ ወጣ፤ ከ45 ሜትር የቀረበ መጠጋት ቀረ። በዚያው ዓመት ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች ያሉበት የፀሐይ ክሬም በሱቅ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ፑናሉኡ ጥቁር አሸዋ ላይ የባሕር ኤሊዎች ፀሐይ ሲሞቁ አይቻለሁ፤ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ማንም አልተቀየመም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ጭላዳ ዝንጀሮ ከኛ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር ሲነጭ የሚውል ፍጡር ነው። እኛ ለሱ ብስኩት እናስወረውርለታለን። ብስኩት! ለአንድ ፎቶ!

ስሜን ውስጥ ሳንቃበር ከሚባለው የእንግዶች ማደሪያ ሰፈር አጠገብ አንድ እንግዳ ሙዝ ከቦርሳው አወጣ። «አይቻልም ጌታዬ» አልኩት። ኮስተር አለ። ማታውኑ የላከኝ ድርጅት ደወለ። ስም አልጠራም፤ ደግሞም አንድ ድርጅት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! «የተቀጠርከው እንግዳ ልታስደስት ነው ልታስቆጣ?» ተባልኩ። በሚቀጥለው ወቅት ስልኬ አልጮኸም። አብሮኝ የነበረው ስካውት ዛሬ እዚህ አዳራሽ አለ። ሁሉንም አይቷል። የጠየቀው ሰው ግን የለም።

«እንግዳ ክቡር ነው፣ ጎንደር እንግዳ አያስቀይምም» ትሉኛላችሁ። እናቴም እንግዳ ታከብር ነበር። ጓዳዋ ግን ማንም ዘው ብሎ አይገባም። «ሥራ በጠፋበት ዘመን እንዴት እንግዳ ይከለከላል?» የምትሉም አላችሁ። ሥራ መቀዝቀዙን ለኔ አትንገሩኝ፤ የልጆቼን ትምህርት ቤት የምከፍለው ከዚሁ ነው።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር የዓለም ቅርስ ሆነ። ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ነው ተብሎ መዝገብ ላይ ከረመ። 21 ዓመት! ፓርኩ እንዲያገግም ሲባል እዚያው ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰው ቀዬውን ለቆ ደባርቅ ወረደ። የአያት የቅድመ አያቱን መሬት! እና እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የግጭ ሰው ቀዬውን ይልቀቅ፣ እንግዳው ግን ሙዙን አይልቀቅ? ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ስለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ልናገር ጽፌ ነበር፤ ጨነቅ የሚባለውን የስሜን ማደሪያ ሰፈር ያየ ያውቀዋል፣ ልለፈው። የበቅሎ ነጂዎች ክፍያም ወረቀቴ ላይ አለ። እሱን የማኅበራችን ሊቀመንበር ያነሱታል ብዬ እተዋለሁ።

እናንተ የድርጅት ባለቤቶች፣ ፊት ወንበር ላይ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። አስጎብኚ እንግዳ ከለከለ ተብሎ ክስ ሲመጣላችሁ፣ ለልጁ ከመደወላችሁ በፊት አብሮት የነበረውን ስካውት ጠይቁ። ልክ ሆኖ ከተገኘ ሥራው አይነካ። ይህ በማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ በጽሑፍ ይግባልን። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፤ እኔም እዚያው ነኝ።

አመሰግናለሁ።