ዲቪዲው የሞተ ሆም ቴአትር በላፕቶፕ ሲነሳ

[ምስል፦ ቡፌ ላይ የተቀመጠ፣ አቧራ የለበሰ ሆም ቴአትር]

ሰላም ናችሁ? ይህን ሳጥን ታውቁታላችሁ። አምስት ትንንሽ ስፒከር፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ቤዝ፣ መሀል ላይ ዲቪዲ ማጫወቻ። እኛ ቤት ያለውን እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ነው ይዛው የመጣችው። ጥቂት ዓመት በደንብ ሠራ፣ ከዚያ ዲስክ አላነብ አለ፣ እኛም ተበላሸ ብለን ጨርቅ አልብሰን ተውነው።

አልተበላሸም ነበር። የሞተው ዲስክ አንባቢው ብቻ ነው፤ አምፕሊፋየሩም ስፒከሮቹም ደህና ናቸው። የጎደለው ድምፅ የሚሰጠው ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ ላፕቶፕ ይችላል።

[ምስል፦ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሳጥኑ የሚሄድ ቀይና ነጭ ገመድ]

ሁላችንም መጀመሪያ የምንሞክረው ይህን ነው። አንድ ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ፣ ቀይና ነጩ ሳጥኑ ጀርባ፣ ሪሞቱ ላይ ኦክስ (ከውጭ የሚመጣ ድምፅ መቀበያ)። ይሠራል። ለዘፈን ለዩቲዩብ ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው አብዛኛው ነገር ስቴሪዮ፣ ማለትም ባለ ሁለት ድምፅ፣ ስለሆነ። ፊልም ላይ ግን ችግር አለው። ይህ ገመድ የሚያሳልፈው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ ቀኝና ግራ። ከአምስቱም ስፒከር ድምፅ ቢወጣ እንኳ ሳጥኑ ሁለቱን እያባዛ ነው።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? እናቴ ናት ምክንያቱ። ፊልም ስናይ በየደቂቃው "ምን አለ? ምን አለ?" ትላለች፤ ድምፁን ስንጨምርላት ደግሞ መኪና ሲጋጭ ቤቱ ይናወጣል። 5.1 በሚባለው አሠራር ሰው የሚናገረው በአብዛኛው በመሀለኛው ስፒከር ነው፣ ሙዚቃና ግርግር በጎንና በጎን ይሄዳል፣ "ነጥብ አንድ" የምንላት ደግሞ ለቤዙ ብቻ የተለየች ናት። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ጨፍልቆ ሁለት ሲያደርገው ንግግሩ ከግርግሩ ጋር ይደባለቃል። የእናቴ ጆሮ ምንም አልሆነም።

[ምስል፦ የሳጥኑ ጀርባ በቅርበት]

እንግዲህ ሳጥኑን አዙሩትና ጀርባውን እዩ። ኤችዲኤምአይ አያችሁ? ቸኩላችሁ ላፕቶፑን እዚያ አትሰኩ። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ላይ ያ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ መውጫ ነው፣ የዲቪዲውን ምስል ወደ ቲቪ የሚልክ። ግን አጠገቡ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ከ2009 ጀምሮ የመጣ ነገር ነው፣ በዚያው ገመድ ድምፅ ከቲቪው ወደ ሳጥኑ እንዲመለስ ያደርጋል። ላፕቶፑን ቲቪው ላይ፣ ሳጥኑን ደግሞ ቲቪው ላይ ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ትሰካላችሁ። አንዳንድ ቲቪ በዚህ መንገድ ስቴሪዮ ብቻ ያሳልፋል፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ የድምፅ መውጫውን ከፒሲኤም (ቲቪው ራሱ ፈትቶ ከሚልከው) ወደ ቢትስትሪም (ሳይፈታ እንዳለ ወደሚያሳልፈው) ቀይሩት።

ኤአርሲ ከሌለ ኦፕቲካል የሚል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ፈልጉ። ብርሃን ነው የሚያስተላልፈው፣ ኤሌክትሪክ አይደለም። ይህ ሌላ ጥቅም አለው፦ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ስፒከሩ "ህምምም" የሚል ከሆነ፣ ያ ድምፅ በገመዱ በኩል የሚመጣ የመብራት መስመር ጩኸት ነው፣ በኦፕቲካል አይሻገርም። (ጩኸቱን ለማጥፋት ብላችሁ የቻርጀሩን ሦስተኛ ጥርስ፣ የመሬቱን፣ እንዳትቆርጡ! ለሕይወታችሁ የተቀመጠ ነው።) ላፕቶፑ ራሱ ኦፕቲካል ከሌለው ከቲቪው ጀርባ ውሰዱ።

ብሉቱዝስ? ስቴሪዮ ነው፣ ድምፁም ከከንፈሩ ይዘገያል። ለዘፈን ይሁን።

[ምስል፦ የቪኤልሲ ሴቲንግ]

ገመዱ ብቻውን አይበቃም። ቪኤልሲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍታችሁ ቱልስ፣ ፕሪፈረንስ፣ ኦዲዮ ግቡ፤ እዚያ ፓስስሩ የሚል ምርጫ አለ፣ አብሩት። ትርጉሙ "ድምፁን አንተ አትፍታው፣ እንዳለ ለሳጥኑ ስጠው" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የላፕቶፑ ድምፅ መጨመሪያ አይታዘዛችሁም፣ በሳጥኑ ሪሞት ነው የምትጨምሩት፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ሰዓት ስነካካ ቆይቻለሁ። የሚሠራው ግን ፊልሙ ራሱ በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ (5.1 ድምፅ በሚይዙ የድምፅ ዓይነቶች) ከተቀዳ ነው። ፊልሙ እየሄደ ኮንትሮልና ጄን አብራችሁ ስትጫኑ የድምፁ ዓይነት ይወጣል። ስቴሪዮ ካለ ስቴሪዮ ነው፣ ምንም ገመድ ብትቀያይሩ ከሌለው አይወጣም።

ዴስክቶፕ ያላችሁና የኮምፒውተር 5.1 ስፒከር የገዛችሁ ደግሞ ቀላል ነው፦ አረንጓዴው ለፊት፣ ጥቁሩ ለኋላ፣ ብርቱካናማው ለመሀልና ለቤዝ። ዊንዶውስ ላይ የድምፅ ሴቲንግ ገብታችሁ ከስቴሪዮ ወደ 5.1 ካልቀየራችሁት ግን የኋላዎቹ ዝም ነው የሚሉት።

[ምስል፦ ከላይ የታየ ሳሎን፣ ሶፋና ስፒከሮች]

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ስንት ቤት ገብቼ አምስቱም ስፒከሮች ቲቪው ጎን ተደርድረው አይቻለሁ! መሀለኛው ከቲቪው ሥር ይሁን። ሁለቱ የፊት፣ ከተቀመጣችሁበት ሲታይ፣ ከመሀለኛው 30 ዲግሪ ገደማ ግራና ቀኝ። የኋላዎቹ ከተቀመጣችሁበት በጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከመሀለኛው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፤ ከጆሯችሁ ከፍ ቢሉ አይከፋም። ገመዱ አጭር ከሆነ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ቀጭን የስፒከር ሽቦ በሜትር ገዝታችሁ ቀጥሉት፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳታምታቱ።

ቤዙን ጥግ ላይ አትወትፉት፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚመታው። ይልቅ ሶፋው ላይ፣ እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡትና ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ሳሎኑን ዙሩ። ድምፁ ሳይንጎደጎድ ጥርት ብሎ የተሰማችሁ ቦታ፣ እዚያ ነው የሚቀመጠው።

በመጨረሻ የሳጥኑ ሪሞት ላይ የመሀለኛውን ስፒከር ለብቻው የምትጨምሩበት አለ፣ ሴንተር ሌቭል ይለዋል። እኔ 3 ዴሲቤል ጨመርኩ። እናቴ ያን ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው "ምን አለ?" ያለችው፣ እሱም ቡና ልታፈላ ወጥታ ስትመለስ።