«በሞቴ ይብሉ» የማይሠራበት ጊዜ፦ ካንሰር የያዘውን ሰው እንዴት እናብላ?

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ለአስታማሚዎች ነው። አባቱን፣ እናቱን፣ እህቱን ካንሰር ይዞበት፣ ሳህን ታቅፎ አልጋ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ገንፎው ቀርቧል፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀልጧል። «አባባ፣ በሞቴ አንዴ ይጉረሱ።» አባባ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ኧረ አፈር ስሆን!» አሁንም ያዞራሉ። ጎረቤት ይገባል፤ «በሉ ወይ?» ይላል። ሌላው ይገባል፤ «በሉ ወይ?» መጨረሻ ላይ ከቤቱ አንዱ ይመረዋል። «መዳን አይፈልጉም እንዴ?» ይላል።

እቺን ንግግር ነው ዛሬ ከቤታችሁ እንድታወጡልኝ የምፈልገው። አባባ እልህ ይዟቸው አይደለም። ጨክነውባችሁም አይደለም። ፍላጎታቸውን የዘጋው በሽታው ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመጡ ሀረጎን ትወጣላችሁ አይደል? እስቲ ጭነት የያዘ አይሱዙ አስቡ። ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ነዳጁ እያለቀ ነው። የነዳጅ መለኪያው ጌጅ ግን ተበላሽቷል፤ «ሙሉ ነው» ይላል። ሹፌሩ ለምን አይቀዳም? ምክንያቱም ጌጁ «ሙሉ ነው» እያለው ነው! ሹፌሩን ብትሰድቡት ጌጁ ይስተካከላል? አይስተካከልም። ረዳቱ «በሞቴ ቅዳ» ቢለውስ? ጌጁ አሁንም ሙሉ ነው።

ቆዩ፣ አልጨረስኩም፤ ይቺን ምሳሌ እወዳታለሁ። መኪናው ዳገት ላይ ነው ብያችኋለሁ። ሜዳ ላይ ከሚፈጀው በላይ ይፈጃል። ብዙ አስታማሚ «ቀኑን ሙሉ ተኝተው እንዴት እንዲህ ይከሳሉ?» ይለኛል። ተኝተውም ዳገት ላይ ናቸዋ! ሞተሩ አልጠፋም።

ታዲያ ጌጅ የተበላሸበት ጎበዝ ሹፌር ምን ያደርጋል? ጌጁን ማየት ይተዋል። በኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ሐርቡ ላይ ትንሽ ይቀዳል፣ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ይቀዳል። ጀሪካኑን በአንዴ ልድፋው ቢል ደግሞ ይፈሳል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። «ሲርባቸው ይበላሉ» ብለን አንጠብቅ። በሰዓት ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ።

አሁን ሳይንሱን በሩጫ። የካንሰሩ ዕጢና ከዕጢው ጋር የሚታገለው ሰውነት ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎች ይለቃሉ። እነዚህ አንጎል ውስጥ ያለውን የረሃብ መቆጣጠሪያ፣ ሃይፖታላመስን፣ ያውካሉ። ጡንቻንም ያሟሟሉ። ይህ መክሳት ካኬክሲያ ይባላል፤ በምግብ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ኬሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስልና የጣዕም መለወጥ ይጨምርበታል። አንገት አካባቢ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ምራቅ ያደርቃል። በጥቅሉ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ወደ ማድቤት እንግባ። ትሪ ሙሉ እንጀራ አታቅርቡ፤ ገና ሲያዩት ይደክማቸዋል። ትንሽ ሳህን ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ። ብዙ ሰው ጠዋት ይሻለዋል፤ ጠንከር ያለውን ምግብ ያኔ ስጡ። የአጃ ሙቅ በወተት፣ በሶ በማር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አጥንቱ የወጣለት የሐይቅ ዓሣ። ጾም ከሆነ የሱፍ ፍትፍት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ዘይት በዛ ያለበት ሽሮ። ውሃውን እየበሉ ሳለ አታብዙት፤ ሆድ ይሞላል። በምግብና በምግብ መካከል ይጠጡ።

ሽታ ትልቅ ጠላት ነው። ቁሌቱን ከተኙበት ራቅ አድርጉት። ቡናውም እንዲሁ። ወሎዬን ቡና አታፍላ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ! ግን የሚቆላው ቡና ሽታና ጭሱ ካቅለሸለሻቸው፣ ውጭ ቆልታችሁ አምጡት። ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ሽታው ይቀንሳል። አፋቸው ከቆሰለ በርበሬና ሎሚ ይቅር፣ አልጫ ይሁን። የብረት ጣዕም ካስቸገራቸው በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ማንኪያ ሞክሩ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በፍጹም! ሰውነቱ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ ወርዷል።

እዚህ ላይ ልቁም፤ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ። «ስኳር የካንሰር ምግብ ነው ስለተባለ ለእማማ ማርና ሙዝ ከልክለናል» የሚል። እስቲ በደንብ እናውራው።

መነሻ አለው። ኦቶ ዋርበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካንሰር ሴል ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር በብዛት እንደሚወስድ አይቷል። እውነት ነው። ግን የእማማ አንጎልም ግሉኮስ ይፈልጋል። ልባቸውም፣ የሚተነፍሱበት ጡንቻም ይጠቀምበታል። ማሩን ብትከለክሏቸው ዕጢው አይራብም። ካልበሉ ጉበታቸው ከራሳቸው ጡንቻ ስኳር ይሠራል። ዕጢው ድርሻውን ያገኛል። የሚጎዱት እማማ ናቸው! ስለዚህ እባካችሁ፣ የስኳር ሕመም ከሌለባቸው ማሩን መልሱላቸው። ካለባቸው ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

«ካንሰሩ እንዲራብ ይጹሙ» የሚለውም ያው ነው። ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው አደገኛ ምክር ነው። የሃይማኖት ጾም ጥያቄ ከሆነ፣ በእኛ ወሎ በአንድ ግቢ ሁለቱም እምነት ይኖራል፤ ለሁለቱም መልስ አለ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ያልጾመውን በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል። ኦርቶዶክሱ የነፍስ አባቱን ያነጋግር። ሼሁ ወይም ቄሱ እቤት መጥተው በአንደበታቸው ቢነግሯቸው ደግሞ ከእናንተ አሥር ልመና ይበልጣል።

ጠያቂውንም በር ላይ አነጋግሩት። «ስለ መብላት አትጠይቁብን፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ አጫውቷቸው» በሉት። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ስለ ምግብ የማይወራበት ይሁን። በሽታው በጣም ከገፋና ሰውነት መቀበል ካቆመ ደግሞ፣ የሚሞቱት እናንተ ስላላበላችኋቸው አይደለም። ያኔ ከንፈር ማርጠብና አጠገብ መሆን ሙሉ ማስታመም ነው።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደውን ልንገራችሁ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ውሃ እንኳ አልወርድ ካለ፣ ትውከቱ ካላቆመ፣ ሲውጡ ትን ካላቸው ሂዱ። የሆድ ድርቀትም ተናገሩ፤ የሕመም ማስታገሻው ያመጣዋል፣ ምግብም ይዘጋል። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከምግብ በፊት መቼ እንደሚወሰድ ጠይቁ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት እየሰጣችሁ ከሆነ አትደብቁ፤ አንዳንዱ ከኬሞው ጋር ይጋጫል።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የአፍ ቁስል ላለበት ሰው የሚሆኑ ምግቦችን አብረን እናበስላለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ቪዲዮውን አስታማሚ ለሆነ ሰው ላኩለት። በእናንተ ቤት ምን ወረደላቸው? አጃው? ሱፉ? ከታች ጻፉልኝ፣ ሌላው ቤት ይሞክረዋል። አብሽሩ!