የዓይን ሞራ «እስኪበስል» አትጠብቁ

[ምስል፦ የዓይን የጎን ንድፍ]

ከጥቁሯ ብሌን ኋላ አንዲት ትንሽ ሌንስ አለች። ጤነኛ ስትሆን ጥርት ያለች ናት፤ ብርሃን በእሷ በኩል አልፎ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። በአብዛኛው ውኃና ፕሮቲን ናት። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮቲኑ ይጓጉላል፣ ሌንሷም ትደፈርሳለች። የዓይን ሞራ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ዓይን ላይ የተጋረደ ስስ ቆዳ ይመስለዋል። ችግሩ ግን ውስጥ ስለሆነ በጠብታ አይሟሟም፣ በማሸትም አይገፈፍም።

አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ዓይንም አያቀላም። የሚያዘናጋውም ለዚህ ነው። ማታ የመኪና መብራት ይበተንባችኋል። ነጭ ጨርቅ ቢጫ ቢጫ ይላል። የመነፅር ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። አንዳንድ አዛውንት ደግሞ ድንገት ያለ መነፅር ማንበብ ይጀምራሉ። ቤተሰቡ «ዓይናቸው ተመለሰ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ይሄም ግን የሞራ ምልክት ሊሆን ይችላል።

«ገና አልበሰለም፣ ይቆይ» የሚለው ምክር የድሮ ነው። ዛሬ መለኪያው ኑሯችሁ ነው። ማንበብ፣ መንዳት ወይም ደረጃ መውረድ ካስቸገራችሁ ሐኪም አነጋግሩ። እንዲያውም በጣም ሲቆይ ሌንሷ ትደድራለች፣ ቀዶ ሕክምናውም ይከብዳል።

[ምስል፦ የቀዶ ሕክምናው ሂደት በንድፍ]

ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል። ሐኪሙ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ ገብቶ የደፈረሰችውን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ይሰባብራል፣ ከዚያም ይመጥጣታል። ሌንሷን የያዘችው ስስ ከረጢት ግን ትቀራለች። ተጣጥፋ የገባች ሰው ሠራሽ ሌንስ እዚያው ትዘረጋለች። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይዘልም።

ሰው ሠራሽ ሌንስ የማስገባቱ ሐሳብ የእንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተዋለ። በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከተመሳሳይ ፕላስቲክ የተሠራች ሌንስ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ።

ሌንሷን በመርፌ ወደ ኋላ ከሚገፉ ባህላዊ ሐኪሞች ግን እባካችሁ ራቁ። ለጥቂት ቀን ያዩ መስሏቸው ጨርሶ የታወሩ ብዙ ናቸው።

ሞራን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ሲጋራ ተዉ። ስኳር ካለባችሁ በደንብ ተቆጣጠሩት። ጠራራ ፀሐይ ላይ መነፅርና ባርኔጣ አድርጉ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጠቀሙ። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ባያማችሁም ተመርመሩ፤ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ድምፁን አጥፍቶ የሚወስደው እይታ አይመለስም።

ሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሞራ ከሆነና ቶሎ ካልታከመ ዓይኑ ማየትን ሳይለምድ ሊቀር ይችላል። የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።