ዲትሮይት ስኩባልን ምን ታድርገው?

(ምስል፦ የሲያትል ስታዲየም በማታ። መሀል ላይ ባለችው የአፈር ጉብታ አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል።)

ኦክቶበር 10፣ 2025። ሲያትል። የቤዝቦል ቡድኑ ዲትሮይት ታይገርስ በዓመቱ መጨረሻ የጥሎ ማለፍ ማጣሪያ ከሲያትል ማሪነርስ ጋር አምስተኛውን ጨዋታ እያደረገ ነው። ስድስተኛ የለም። ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ኳሱ በዲትሮይቱ ታሪክ ስኩባል ግራ እጅ ነው። ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፤ እንዳያምታታችሁ ከዚህ በኋላ ስኩባል ብቻ እላለሁ። ስድስት ኢኒንግ፣ ማለትም ስድስት ዙር፣ ወረወረ። 13 መቺዎችን በስትራይክአውት፣ ኳሱን መምታት አቅቷቸው፣ መለሰ። ሰባቱን በተከታታይ! ሲወጣ ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ነበር። ከእሱ በኋላ የገቡት ግን መሪነቱን አላስጠበቁም። ጨዋታው ከመደበኛው ዘጠኝ አልፎ እስከ 15ኛው ኢኒንግ ተጎትቶ ሲያትል 3 ለ 2 አሸነፈ። ስኩባል ዩኒቨርሲቲ የተማረውና ተማሪ ሆኖ የወረወረው እዚያው ሲያትል ነው።

ያን ሌሊት ከሽንፈቱ እኩል አንድ ጥያቄ ተነሳ። የስኩባል ውል ከ2026 ውድድር ዘመን በኋላ ያበቃል። ዲትሮይት ምን ታድርግ? ውሉን ታራዝምለት? ለሌላ ቡድን ታሳልፈው? ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ይዛው ከዚያ በነጻ ይሂድ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

(ምስል፦ ከጉብታው እስከ መቺው ያለውን ርቀት የሚያሳይ ሥዕል።)

ለቤዝቦል እንግዳ ለሆናችሁ ትንሽ ልበል። ፒቸር የሚባለው ኳሱን የሚወረውረው ሰው ነው። ከመቺው 18 ሜትር ያህል ይርቃል። ጥሩ ፒቸር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረውር መቺው የሚያስብበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሥራ ክንድ ይበላል። ስለዚህ ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር በየአምስት ቀኑ አንዴ ነው የሚወረውረው። ቡድኑ በዓመት 162 ጨዋታ ሲያደርግ እሱ የሚጀምረው 32 ያህሉን ነው። ከአምስት አንዱን ማለት ነው። እሱ በሚወረውርበት ቀን ግን ጨዋታው በእጁ ነው።

አሁን ወደ ገበያው። እግር ኳስ የምትከታተሉ ነገሩ አይከብዳችሁም። ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ተጫዋች ካለ ክለቡ ወይ ያስፈርመዋል፣ ወይ ይሸጠዋል፣ አለዚያ በነጻ ያጣዋል። ቤዝቦልም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ክፍያው ላይ ነው። በቤዝቦል ኮከብ የሚለወጠው በዋናነት በተጫዋች ነው። ትሬድ ይሉታል። አንድ የበሰለ ሰው ትሰጣለህ፣ ተስፋ የተጣለባቸው ሦስት አራት ወጣቶች ትቀበላለህ። ወጣቶቹ ተስፋ ናቸው እንጂ እርግጥ አይደሉም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ልዩነት ሰዓቱ ነው። አንድ ተጫዋች ወደ ዋናው ሊግ ከገባ በኋላ ነጻ ለመሆን ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ዝቅተኛውን ደመወዝ ወይም ከዚያ እምብዛም የማይርቅ ነው፤ በ2025 ዝቅተኛው 760 ሺህ ዶላር ነበር። ቀጥሎ የግልግል ዓመታት ይመጣሉ። ተጫዋቹና ክለቡ ካልተስማሙ ሁለቱም አንዳንድ ቁጥር ያቀርባሉ። ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። መሀል ላይ እናስማማችሁ የለም።

ስኩባል በ2025 የተከፈለው 10.15 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ዓመት በሊጉ ምርጥ ለሆነ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ለሁለተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደ። ለ2026 ክለቡ 19 ሚሊዮን አለ፣ እሱ 32 ሚሊዮን አለ። ዳኞቹ 32 አሉ። በግልግል ይህን ያህል ያገኘ ተጫዋች ከዚያ በፊት አልነበረም።

(ምስል፦ የዲትሮይት ስታዲየም። ቀጥሎ የሦስት ፒቸሮች ፎቶ፦ ቨርላንደር፣ ሸርዘር፣ ፕራይስ።)

እኔን የሚገርመኝ ዲትሮይት ይህን ጥያቄ ስትጋፈጥ የመጀመሪያዋ አለመሆኑ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስቱንም መንገድ ሞክራዋለች። ያውም በሦስት ታላላቅ ፒቸሮች።

ጀስቲን ቨርላንደርን አስፈረመችው። ማርች 2013 ላይ፣ ነጻ ሊሆን ሁለት ውድድር ዘመን ሲቀረው፣ በሰባት ዓመት 180 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት ቨርላንደር ተቸገረ። በ2015 መጀመሪያም ተጎድቶ ቆየ። ገንዘቡ ባከነ የሚሉ በዙ። እሱ ግን ተመለሰ፤ በ2016 ለሳይ ያንግ ሁለተኛ ወጣ። በ2017 ዲትሮይት ቡድኑን አፍርሳ እንደገና ለመገንባት ወሰነች። ኦገስት 31፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ ሂዩስተን ላከችው። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከሂዩስተን ጋር ሻምፒዮን ሆነ።

ለእሱ ሦስት ወጣቶች መጡ። ብዙ የተጠበቀው ፒቸሩ ፍራንክሊን ፔሬዝ ነበር። ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራርቦበት በዋናው ሊግ አንድ ኳስ ሳይወረውር ቀረ። ተስፋ እርግጥ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። ከሦስቱ ለዲትሮይት ለዓመታት ያገለገለው ኳስ ተቀባዩ ጄክ ሮጀርስ ነው። ስኩባል በ2024 የመጀመሪያውን ሳይ ያንግ ሲወስድ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ይቀበልለት የነበረው እሱ ነው።

ማክስ ሸርዘርን ጠበቀችው። በ2014 ፀደይ ላይ ስድስት ዓመት በ144 ሚሊዮን አቀረበችለት። እምቢ አለ። አስቡት፣ ክንዱ ነገ ሊበጠስ የሚችል ሰው 144 ሚሊዮን ዶላር ገፋ! ያን ዓመት በሙሉ ተጫወተ፣ 18 ጨዋታ አሸነፈ። በጃንዋሪ 2015 ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር ሰባት ዓመት በ210 ሚሊዮን ፈረመ። ዲትሮይት ያገኘችው ማካካሻ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት የአንድ ወጣት መምረጫ ተራ ብቻ ነው። ሸርዘር በዋሽንግተን ሁለት ሳይ ያንግ ጨመረ።

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖች 2019ን ታስታውሱ ይሆናል። ከተማው ቀይ በቀይ የሆነበት ዓመት ነው። በሻምፒዮናው ፍጻሜ፣ በወርልድ ሲሪሱ፣ ሰባተኛ ጨዋታ ለዋሽንግተን የጀመረው ሸርዘር ነበር። ተጋጣሚው ሂዩስተን ደግሞ በዋዜማው ቨርላንደርን አሰልፎ ተሸንፏል። ሁለቱም የዲትሮይት ልጆች የነበሩ! ዲትሮይት በዚያ ዓመት 114 ጨዋታ ተሸንፋ ቤቷ ሆና ነው ያየችው። የዚያን ከተማ ደጋፊ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ዴቪድ ፕራይስን ደግሞ በትሬድ አሳለፈችው። ጁላይ 30፣ 2015፣ ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ ወደ ቶሮንቶ ላከችው። ሦስት ግራኝ ወጣት ፒቸሮች ተቀበለች። ከመካከላቸው ማት ቦይድ ለብዙ ዓመት ሠርቷል፤ የፕራይስን ያህል ግን የሆነ የለም። ቶሮንቶ ከ1993 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማጣሪያው አለፈ። ትሬዱን የፈጸመው ሥራ አስኪያጅ ዴቭ ዶምብራውስኪ በቀናት ውስጥ ሥራውን አጣ፣ ቦስተን ቀጠረው። በዲሴምበር ፕራይስን በ217 ሚሊዮን ለቦስተን ያስፈረመው ማን መሰላችሁ? ያው ዶምብራውስኪ ነው።

(ምስል፦ የክርን ውስጥ ጅማት ሥዕል።)

የክለቦችን ፍርሃት ደግሞ አልንቀውም። ፍርሃቱ ያለው ክርን ውስጥ ባለች አንዲት ጅማት ነው። ስትበጠስ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስደው ይተክላሉ። ቶሚ ጆን ይሉታል፣ በ1974 መጀመሪያ በተሠራለት ፒቸር ስም። ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስኩባል ራሱ በ2016፣ ተማሪ እያለ፣ ተሠርቶለታል። በ2022 ደግሞ ክንዱ ላይ ሌላ ቀዶ ሕክምና አድርጓል።

ፒቸሩን ኮርቢን በርንስን እዩ። ሚልዋኪ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በፌብሩዋሪ 2024 ለባልቲሞር ሰጠችው። ሁለት ተጫዋችና 34ኛውን የመምረጫ ተራ ተቀበለች። በርንስ በባልቲሞር ድንቅ ዓመት አሳለፈ። በማጣሪያው መክፈቻ ስምንት ኢኒንግ ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ቢያስቆጥሩበትም ባልቲሞር 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ ነጻ ሆነና ከአሪዞና ጋር ስድስት ዓመት በ210 ሚሊዮን ፈረመ። 11 ጨዋታ ጀምሮ በጁን 2025 ክርኑ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ገባ። ሚልዋኪ ግን በዚያው ዓመት 97 ጨዋታ አሸንፋ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆነች።

ታዲያ ትሬድ ይሻላል ማለት ነው? ለሚልዋኪ፣ አዎ። ገበያዋ ትንሽ ነው፣ 200 ሚሊዮን አትከፍልም። የተቀበለችው ጆይ ኦርቲዝም ወዲያው ሜዳ መግባት የሚችል ተጫዋች ነበር። ደግሞ በጊዜ ነው ያደረገችው። ሙሉ አንድ ዓመት የቀረው ፒቸርና ሦስት ወር የቀረው ፒቸር አንድ ሰው ቢሆኑም ዋጋቸው አንድ አይደለም። ገዢው የሚከፍለው ለቀረው ጊዜ ነው።

ማራዘምም እንደዚያው ነው። ፒቸሩን ጋሬት ክሮሼን ቦስተን በዲሴምበር 2024 አመጣችው። ነጻ ለመሆን ሁለት ውድድር ዘመን ይቀረው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ስድስት ዓመት በ170 ሚሊዮን አስፈረመችው። እሱም በ2025 ለሳይ ያንግ ከስኩባል ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ሁለት ዓመት የቀረው ፒቸር የሚያጣው ብዙ ስለሆነ ይደራደራል። ክንዱ ቢጎዳ ምንም ሳይዝ ይቀራል። አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ያውም 32 ሚሊዮን ኪሱ ሊገባ ሲል፣ ምን ያስቸኩለዋል?

ለዚህ ነው ዲትሮይት ስኩባልን በቅናሽ የምታስፈርምበት ጊዜ አልፏል የምለው። ጊዜው ከ2024 በፊት ነበር፣ ከቀዶ ሕክምናው ተመልሶ ገና ሳይ ያንግ ሳይወስድ። ወኪሉ ስኮት ቦራስ ነው፣ ሸርዘርን 144 ሚሊዮን ሲገፋ የወከለው ያው ሰው። ቦራስ ደንበኞቹን ገበያ ድረስ መውሰድ ይወዳል። ተጫዋቹንም አልወቅስም። በ2018 ድራፍት 254 ልጆች ከተመረጡ በኋላ ነው ስሙ የተጠራው። ዋጋውን ራሱ የሚሰማበት ቀን ሲደርስ ቢጠብቀው መብቱ ነው።

እኔ ብሆን ሙሉ ዋጋውን አቀርብለት ነበር። እምቢ ካለም ይዤው እጫወት ነበር። ዲትሮይት በ2024ም በ2025ም ማጣሪያ የገባ ቡድን ነው። በ2017 እንደነበረው የሚፈርስ ቤት አይደለም። ሻምፒዮን ለመሆን የሚጫወት ቡድን በኦክቶበር 13 ሰው የሚመልስ ክንድ ለወጣቶች ተስፋ አይለውጥም። ቡድኑ በጁላይ መጨረሻ፣ የትሬድ በሩ ሳይዘጋ፣ ከፉክክር ከወጣ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ፕራይስን የላኩበት ውሳኔ ይገባኛል።

(ምስል፦ የ2026 መጨረሻ ወራት በቀን መቁጠሪያ ላይ።)

ካልፈረመ የሚሆነው ይህ ነው። የ2026 ወርልድ ሲሪስ እንዳለቀ ስኩባል ነጻ ይሆናል። ኖቬምበር 20 ላይ 30 ዓመት ይሞላዋል፤ ሸርዘርም 210 ሚሊዮኑን ሲፈርም 30 ዓመቱ ነበር። ዲሴምበር 1 ላይ ደግሞ በተጫዋቾች ማኅበርና በሊጉ መካከል ያለው የጋራ ስምምነት ጊዜው ያበቃል። ነጻ የሚወጣበትን ሕግ ጨምሮ ሁሉም ነገር እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። በስኩባል ልደትና በዚያ ቀን መካከል ያሉት 11 ቀናት ናቸው።